የአባቴ የእንጨት ድራይቨርና አዲሱ ታይታኒየም ለምን ተቀራረቡብኝ?

የካዛንቺሷ

ሰላም ለሁላችሁ። ጎልፍ የምትጫወቱ፣ ካዲ የነበራችሁ ወይም ዱላ የምትጠግኑ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

አባቴ ልጅ ሆኖ ካዲ ነበር። ጨዋታውን የለመደው የሰው ቦርሳ ተሸክሞ እየዞረ ነው። ከዚያ በፊት ጃንሜዳ የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። «ሩር የመታ ክንድ የጎልፍ ኳስ አያቅተውም» ይለኝ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ሲያርፍ ድራይቨሩን፣ ኳስ በጣም ለማራቅ የሚመታበትን ረጅሙን ዱላ፣ ተወልኝ። ከፐርሲመን እንጨት የተሠራ ነው። የዱላው ራስ ከጡጫዬ ትንሽ ቢበልጥ ነው። አንገቱ ላይ ጥቁር ክር ተጠምጥሞበታል። ፊቱ ላይ አራት ትንንሽ ብሎኖች አሉት። ዘንጉ ብረት ስለሆነ ይከብዳል። እኔ የተማርኩት በዚህ ዱላ ነው።

ባለፈው ዓመት አሜሪካ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ስትመጣ ያገለገለ ድራይቨር አመጣችልኝ። ታይታኒየም ነው። ራሱ ትልቅ ነው፤ ከሥሩ 460 የሚል ተጽፎበታል። ከጎኑ ደግሞ 9 ይላል። ዘንጉ ጥቁር ግራፋይት ሲሆን ኤስ የሚል ፊደል አለበት። ሜዳ ላይ ያዩት ሁሉ «በቃ፣ አሁን ሠላሳ አርባ ያርድ ትጨምሪያለሽ» አሉኝ። እኔም በጣም ጓጓሁ።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ቁጥር ካላየሁ አላምንም። ስለዚህ አራት ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም ዱላ ይዤ ከካዛንቺስ በሜክሲኮ አድርጌ በታክሲ ሄድኩ። በየቅዳሜው በእያንዳንዱ ዱላ አሥር አሥር ኳስ መታሁ። ርቀቱን በእርምጃ ለካሁ። አንዱ እርምጃዬ አንድ ያርድ እንዲሆን ቤት ውስጥ ሜትር ዘርግቼ ተለማምጄበታለሁ። ኳሶቹ ልጆች ከሣርና ከውሃ ውስጥ ለቅመው የሚሸጡልን ናቸው።

ደብተሬ ላይ ያለው ይኸው። በእንጨቱ አማካዩ 135 ያርድ ነው፤ በአዲሱ 146። የእንጨቱ ምርጥ ምት 154 ሄዷል፤ የአዲሱ 157። ከሁሉ የከፋው የእንጨቱ ምት 96 ላይ ቀረ፤ የአዲሱ 131 ላይ።

ሌላም ያየሁት ነገር አለ። በአዲሱ ስመታ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይወጣና ገና ሄደ ስል ይወድቃል። በእንጨቱ ግን ከፍ ይላል።

ቴክኖሎጂው የተባለለትን ያህል ርቀት የሚጨምር ከሆነ የእኔ አሥራ አንድ ያርድ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? ዱላው ነው ወይስ እኔ? አንድ ሱቅ ጠይቄ «የዘንድሮውን ሞዴል ግዢ» ብቻ አሉኝ። የተጠራብኝ ዋጋ የሁለት ወር ደሞዜ ነው። ከመወሰኔ በፊት የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።

የለገሃሩ ካዲ

ልጄ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። እኔም እንደሱ ቦርሳ ተሸክሜ ነው ያደግሁት። አሁን ለገሃር አካባቢ አንዲት ክፍል ይዤ ግሪፕ (የዱላ እጀታ) እቀይራለሁ፣ ዘንግ እተክላለሁ። የምነግርሽ በእጄ የነካሁትን ነው።

አትግዢ። መልሱ ደብተርሽ ውስጥ አለ።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው ምርጡን ምት ነው። አንቺ መጥፎውንም ጽፈሻል። 96 እና 131። ሠላሳ አምስት ያርድ ልዩነት ማለት ነው። ሰዎቹ የነገሩሽ ሠላሳ አርባ ያርድ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የአባትሽ ዱላ ራስ ድፍን እንጨት ነው። ክብደቱ መሐሉ ላይ ተሰብስቧል። ኳሱን ከመሐል ስትስቺው ራሱ እጅሽ ላይ ይጠማዘዛል፤ ጉልበቱም እዚያው ይቀራል። አዲሱ ግን ውስጡ ባዶ ነው። ቆዳው ስስ ስለሆነ ክብደቱ ወደ ዳር ዳር ተገፍቷል። ልዩነቱን ለማየት ረጅም እንጨት ትከሻሽ ላይ አጋድሚና በሁለቱ ጫፍ ሁለት ጄሪካን ውሃ አንጠልጥለሽ ለመዞር ሞክሪ። ከዚያ ሁለቱንም ጄሪካን ደረትሽ ላይ አቅፈሽ ዙሪ። የቱ በቀላሉ እንደሚዞር ያኔ ይገባሻል። ትልቁ ራስ የመጀመሪያው ነው፤ በቀላሉ አይዞርም። ለዚህ ነው ስተሽ ስትመቺ እንኳ 131 የሄደው።

እዚህ የደረሰው ባንድ ቀን አይደለም። ዱላ ሠሪው ቴይለርሜድ የብረት ድራይቨሩን ይዞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ካላዌይ የሚባለው ሌላ ሠሪ ቢግ በርታ የተባለው ድራይቨር መጣ። ስሙ የትልቅ መድፍ ቢሆንም የራሱ መጠን 190 ሲሲ (ኪዩቢክ ሴንቲሜትር) ነበር፤ ያንቺን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በ1995 ታይታኒየሙ ተከተለ። ታይታኒየም ቀላልም ጠንካራም ስለሆነ ራሱን እየነፉ እየነፉ አሳደጉት፤ በመጨረሻ ሕጉ 460 ላይ አቆማቸው። ያንቺ ዱላ እዚያ ጣሪያ ላይ ደርሷል። የዘንድሮው ሞዴልም ከዚያ አያልፍም።

ፊቱም እንደዚሁ ነው። የታይታኒየሙ ፊት ስስ ስለሆነ ኳሱ ሲያርፍበት ገባ ብሎ ይመለሳል። እንጨት ሲሆን ፊቱ አይበገርም፤ ኳሱ ብቻውን ይጨፈለቃል። ኳስ ሲጨፈለቅ ደግሞ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ይህም ገደብ አለው። የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ይለኩታል። ዱላና ኳስ በ100 ፍጥነት ቢጋጩ ከ83 በላይ በሆነ ፍጥነት እንዲለያዩ አይፈቀድም። ስለዚህ «ዘንድሮ የወጣው ከአምናው ሠላሳ ያርድ ይበልጣል» የሚልሽ ሰው ካለ ሕጉን አያውቅም ማለት ነው።

ዋናው ግን ኳሱ ነው። ስለ ኳስ ማውራት እወዳለሁ፤ ትንሽ ላስረዝም።

ልጅ ሳለን የተሰነጠቀ ኳስ ስናገኝ በምላጭ እንቀደው ነበር። ከላይ ባላታ የሚባል ስስ ቆዳ አለው። ከሥሩ የጎማ ክር ነው። ጫፉን ስትፈቺው እየተተረተረ፣ እየዘለለ ያልቃል፤ ከክፍሉ ጥግ እስከ ጥግ ብትዘረጊው አይበቃውም። አንዳንዱ መሐል ላይ ፈሳሽ የሞላች ትንሽ ከረጢት ነበረችው። ያ ኳስ በድራይቨር ሲመታ በጣም ይሽከረከራል። ሽቅብ ይወጣል፣ እዚያ አየር ላይ ይዘገያል፣ ከዚያ እንደ ጃንጥላ ይወርዳል። መልኩ ያምራል፤ ርቀት ግን የለውም።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 ላስ ቬጋስ ላይ ኳስ ሠሪው ታይትሊስት ፕሮ ቪ ዋን የሚባለውን ኳስ ባለሙያዎቹ እጅ አስገባ። ውስጡ ክር የለውም። ድፍን ጎማ ነው፤ በላዩ ሌላ ድርብ፣ ከዚያ ስስ የዩሬቴን ቆዳ። በድራይቨር ብዙ አይሽከረከርም፤ አጠገብ ሆነሽ በዌጅ፣ ለቅርብ ምት በሚሆነው አጭር ዱላ፣ ስትመቺው ግን ይሽከረከራል። በዚያ ሳምንት አርባ ሰባት ተጫዋቾች የድሮ ኳሳቸውን ጥለው ወደሱ ዞሩ። ያሸነፈው ቢሊ አንድሬድም ያንኑ ይዞ ነበር።

ቁጥር ስለምትወጂ ይኸው። በአሜሪካ ፒጂኤ ቱር፣ በባለሙያዎቹ ውድድር፣ አማካይ የድራይቭ ርቀት እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ 257 ያርድ ነበር። በ2003 ወደ 286 ደረሰ። በ2023 ወደ 300 ነው። ከዚህ ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻውም ድርሻ አለው፤ ሁሉንም ለዱላ አልሰጥም። ታላቁ ተጫዋች ጃክ ኒክላውስ እ.ኤ.አ. በ1963 በርቀት ውድድር ላይ በእንጨት ድራይቨር 341 ያርድ መትቷል። ክንድ ክንድ ነው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ከጎኑ 9 የሚለው የፊቱ ዝንባሌ ነው፤ ሎፍት የምንለው። ዘጠኝ ዲግሪ የሚሆነው በኃይል ለሚወነጭፍ ጎልማሳ ነው። ኤስ የሚለው ዘንጉ ግትር መሆኑን ይነግርሻል፤ እሱም ለዚያው ሰው ነው። አንቺ ስትመቺው ዘንጉ አይለመጥልሽም፤ ፊቱም ኳሱን አያነሳልሽም። ዝቅ ብሎ ወጥቶ የሚወድቅብሽ ለዚህ ነው። የአባትሽ ዱላ ፊቱ ይበልጥ ወደ ላይ ያዘነበለ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ ምርጥ ምቶቹ ተቀራረቡብሽ።

የመጀመሪያው ሥራሽ ጠመኔ ነው። የትምህርት ቤት ጠመኔ ፈጭተሽ ፊቱ ላይ ቀቢና አሥር ኳስ ምቺ። ኳሱ የት እንዳረፈ ምልክቱ ይቀራል። የምንፈልገው ከመሐል ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ከዚያ ራሱና ዘንጉ የሚጋጠሙበት ላይ ብሎን ካለ ንገሪኝ። ካለ ሎፍቱን በአንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ከፍ ማድረግ ይቻላል። ሲጨምር ፊቱ ትንሽ ወደ ግራ እንደሚዘጋ እወቂ።

የአራት ኪሎው

ጋሼ የለገሃሩ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ጎልፍ የጀመርኩት በቅርቡ ነው፤ ፊዚክስ ግን አስተምራለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ይህ ነገር አዲስ አበባ ላይ ይብሳል።

እህቴ፣ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ነች። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። «የሳሳ አየር ኳስን ያርቃል» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። እውነት ነው፤ አየሩ ኳሱን ብዙ አያግደውም። ግን አየሩ ማገድ ብቻ ሳይሆን ማንሳትም ሥራው ነው።

ኳስ ስትመቺ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ይሄዳል። ላዩ ላይ ያሉት ጎድጓዳ ነጠብጣቦች፣ ከ300 እስከ 400 ገደማ ይሆናሉ፣ አየሩን ይዘው ወደ ታች ይገፉታል። ኳሱም በምላሹ ወደ ላይ ይነሳል። ለስላሳ ኳስ ቢሆን ግማሹን ያህል ርቀት ብቻ ነበር የሚሄደው። አየሩ ሲሳሳ ታዲያ ይህ የማንሳት ኃይልም አብሮ ይቀንሳል። በኃይል የሚመታ ሰው ኳሱ ፍጥነት ስላለው ብዙ አይጎዳም፤ ትርፉን ይሰበስባል። በዝግታ የሚመታ ሰው ግን ኳሱ አየር ላይ የሚቆየው በዚያ ማንሳት ነው። እሱ ሲቀንስበት ኳሱ ቶሎ ይወርዳል።

እንግዲህ ዘጠኝ ዲግሪ ባሕር ዳርቻ ላይም ቢሆን ዝቅ ይልብሽ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይብስ ዝቅ አለ። አየሩ ካላነሳው ከመነሻው ዱላው ከፍ አድርጎ መልቀቅ አለበት። አሜሪካ ሜዳ ላይ በኮምፒውተር ተለክቶ የተመረጠ ሎፍት እዚህ ሲመጣ አንድ ሁለት ዲግሪ ሊጨመርበት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

እኛን የምትመስል ከተማ ሜክሲኮ ሲቲ ነች። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 ታላላቆቹ ተጫዋቾች ቻፑልቴፔክ በሚባለው ሜዳ ይወዳደሩ ነበር። የሜዳው ከፍታ ከኛ ጋር ይቀራረባል። እዚያ ሲደርሱ የእያንዳንዱን ዱላ ርቀት እንደገና ማስላት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈባት፣ ቦብ ቢመን 8 ሜትር ከ90 የዘለለባት ከተማ መሆኗን አስታውሺ። ያው አየር ነው። ሜክሲኮ አደባባይን ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሌላ ትንሽ ነገር። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ላይ ኳሱ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ጎማ እንደሞቀው አይነጥርም። የምትለኪ ከሆነ ኳሶቹን ሌሊት ውጭ አታሳድሪያቸው፤ ጃኬት ኪስሽ ውስጥ ያዣቸው።

የሃያ ሁለቱ

ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ግን ስለ ኳሱ አንድ ነገር ያሳስበኛል። የኳስ ሕግ ሊቀየር ነው ይባላል። አሁን ውድ ኳስ ገዝተን በኋላ «አይፈቀድም» ቢሉን ኪሳራ አይሆንም? ደግሞ ለእህታችን ውድ ኳስ ያስፈልጋታል ወይ? እኔ ሁለት ደርዘን በውድ ገዝቼ ሦስት ወር ሳይሞላ ግማሹ ባሕር ዛፍ ሥር ቀርቷል።

የለገሃሩ ካዲ

ሕጉን የሚያወጡት ሁለቱ አካላት በታኅሣሥ 2023 (እ.ኤ.አ.) አስታውቀዋል። ኳስ ሲፈተሽ ዱላው በሰዓት 120 ማይል ይወነጨፍ የነበረው 125 ይሆናል። የርቀት ገደቡ ግን እዚያው 317 ያርድ ላይ ይቆያል። ዱላው ፈጥኖ ኳሱ ከዚያ እንዳያልፍ ከተፈለገ ኳሱ ራሱ ትንሽ መድከም አለበት ማለት ነው። በጣም የሚያርቁት ከ13 እስከ 15 ያርድ ሊቀንስባቸው ይችላል ተብሏል። ለመዝናናት የሚጫወት ሰው ቢበዛ አምስት ነው። ዛሬ የገዛኸው ኳስ ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል አልቆ ወይ ጠፍቶ ነው የሚጠብቅህ።

ውድ ኳስ ያስፈልጋታል ወይ ላልከው፣ አያስፈልጋትም። አዲስ ኳስ ግን ያስፈልጋታል። ውሃ ውስጥ የከረመ ኳስ ውሃ ይጠጣና ይደክማል። ከላይ ሲታይ ነጭ ነው፤ ሲመታ ግን ሞቷል። ልጄ፣ ስትለኪ ከአንድ ዓይነት ርካሽ አዲስ ኳስ ስድስት ገዝተሽ በነሱ ብቻ ለኪ። አለዚያ የምትለኪው ዱላውን ሳይሆን ኳሱን ነው።

የካዛንቺሷ

ጋሼ፣ የአራት ኪሎው ወንድሜ፣ ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

መጀመሪያ ጠመኔውን ሞከርኩ። የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ያመጣውን ፈጭቼ ቀባሁት። ከአሥሩ ሰባቱ ምልክት ያረፈው ከመሐል ዝቅ ብሎ ወደ ዘንጉ ተጠግቶ ነው። ደነገጥኩ። እስከዛሬ ከመሐል የምመታ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ቲውን፣ ኳሱ የሚቀመጥበትን ትንሽ ችካል፣ ከፍ አድርጌ ተከልኩ፤ ከመሬት ተነሥቶ የኳሱ ግማሽ ከዱላው ራስ በላይ እንዲታይ። ቁሜ የነበረበትንም ትንሽ አራቅሁ። ምልክቱ ወደ መሐል መጣ።

ብሎኑም ነበረው። ቁልፉ አልተላከልኝም ነበር፤ ጋሼ ጋ ለገሃር ሄጄ አስፈታሁት። እሳቸው ሎፍቱን ወደ አሥር ተኩል ከፍ አደረጉልኝ። ዘንጉንም ቀየሩልኝ፤ ከሌላ ዱላ የተረፈ፣ ቀለል ያለና የሚለመጥ፣ ኤል የሚል ፊደል ያለው። የከፈልኩት ሱቁ ከጠራብኝ ዋጋ አንድ አሥረኛ አይሆንም። እግረ መንገዴንም ያ የሚተረተር የጎማ ክር ያለው ኳስ መደርደሪያቸው ላይ ተቆርጦ አየሁ። ፎቶ ለማንሳት ጠይቄ ፈቀዱልኝ፤ አባቴ የነገረኝ ኳስ ይኸው ነበር።

ስድስት አንድ ዓይነት አዲስ ኳስ ገዛሁ። ሁለት ቅዳሜ ለካሁ። ኳሶቹን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ይዤያቸው ነበር።

በእንጨቱ አማካዩ 135 የነበረው 141 ሆነ። ዱላው ያው ነው፤ የቀየርኩት ኳሱንና ቲውን ብቻ ነው። በታይታኒየሙ 146 የነበረው 163 ሆነ። ምርጡ 178 ሄዷል፤ ከሁሉ የከፋው 149። የኔ መጥፎ ምት ከድሮው አማካይ በለጠ ማለት ነው። ይህን ደብተሬ ላይ ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ኳሱ ሲወጣ ያለው መልክም ሌላ ነው። ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ባሕር ዛፎቹን አልፎ ሰማዩ ላይ ይታያል። ከኋላዬ የቆመው ካዲ ልጅ «አሁን ገባት» ሲል ሰማሁት።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ኳሱ አሁን ትንሽ ወደ ግራ ይጎትታል። ጋሼ ያሉት የፊቱ መዘጋት ነው ወይስ አመታቴ? ሌላው፣ የአባቴ ዱላ አንገት ላይ ያለው ክር ከታች በኩል መፈታት ጀምሯል። በሙጫ ልለጥፈው?

የለገሃሩ ካዲ

በሙጫ እንዳትነኪው። ያ ክር ያለ ምክንያት አልተጠመጠመም፤ ዘንጉ የሚገባበት የእንጨቱ አንገት እንዳይሰነጠቅ አጥብቆ የያዘው እሱ ነው። እስኪጠገን በዱላው አትምቺበት። ክረምት ከገባ ደግሞ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ እንዳያብጥ ደረቅ ቦታ አኑሪው፤ ከሰል አጠገብ ግን አይሁን፣ ይሰነጠቃል።

ወደ ግራ መጎተቱ አምስት ስድስት ያርድ ከሆነ የፊቱ መዘጋት ነው። ግሪፑን ስትይዢ ግራ እጅሽን ወደ ዒላማው በኩል በጥቂቱ አዙሪው፤ ይስተካከላል። ከአሥር ካለፈ አመታትሽን ማየት አለብኝ።

ሰም የተቀባ ክር አለኝ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም ዱላ ይዘሽ ነይ። ቅዳሜ ሰው ይበዛል፤ የአባትሽን ዱላ በችኮላ መሥራት አልፈልግም።